ሦስት ዓርብ በፈረንሳይኛ

ፈረንሳይኛ የማያውቅ ሰው አንድን የፈረንሳይኛ ቴአትር ሦስት ጊዜ ካየ፣ ወይ አእምሮው ተነክቷል፣ ወይ ፍቅር ይዞታል። የአውሮፕላን ቴክኒሽያኑ መንገሻ አእምሮው ደህና ነበር።

የሺሀረግ ይህን ለመረዳት ሁለት ዓርብ ፈጀባት። እርሷም ብትሆን ፈረንሳይኛ አታውቅም። ወደዚያ አዳራሽ የሄደችው የአሠሪዋን የማዳምን ሁለት ትንንሽ ልጆች ይዛ ነው። ማዳም ሊባኖሳዊት ናት፤ ቤቷ ዶሃ፣ ባሏ መሐንዲስ፣ ልቧ ግን መድረክ ላይ ነበር። ከፈረንሳይኛ ተናጋሪ ጓደኞቿ ጋር ለወራት ሲለማመዱ ቆይተው፣ በ1991 ዓ.ም. ጥር፣ ዒድ ካለፈ በኋላ፣ ያንን ቴአትር በሦስት ተከታታይ ዓርቦች ከሰዓት በኋላ ለሕዝብ አሳዩ።

አዳራሹ ከጥንቱ ገበያ ከሱቅ ዋቂፍ ብዙም የማይርቅ አሮጌ ቴአትር ቤት ነው። ነዳጅ መውጣት በጀመረበት ዘመን ተሠርቶ፣ ኋላ ተረስቶ፣ የሩዝ ጆንያና የመርከብ ገመድ ሲከማችበት ኖሯል። ያን ሰሞን ነው አድሰው የከፈቱት። የጣሪያውን የእንጨት ወራጆች እንዳሉ ትተው፣ ግድግዳውን በኖራ ለስነው፣ ባለቅርጹን በር ዘይት ቀብተው ሙሽራ አስመስለውታል። ቀያዮቹ ወንበሮች አዲስ ስለነበሩ የፋብሪካ ሽታቸው ገና አልለቀቃቸውም።

በማዳም ቤት የሺሀረግ የሺሀረግ አይደለችም፤ ሸሪፋ ናት። ስሙን ያወጣላት አዲስ አበባ ያለው ደላላ ነው። አሮጊት እናት ያሉበት ቤት ስለሆነ ሙስሊም ካልሆነች አንቀበልም ብለዋል አላትና፣ ሃይማኖቷን ሳያስክዳት ስሟን አስካዳት። ያን ጊዜ እንደ እርሷ ስማቸውን ለውጠው የተሻገሩ ሴቶች ቁጥር ስፍር አልነበራቸውም፤ ነውር ነው ያላቸውም ሰው የለም። ማተቧን ከአንገቷ ፈትታ ትራሷ ውስጥ ሰፋችው። ሻሽ አሰረች፣ ጥቁር አባያ ለበሰች፣ በቃ ሸሪፋ ሆነች።

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ። የእርሷ ግን እያደር ከበዳት፤ አሮጊቷን ወደደቻቸዋ! ሐጃ የባባ፣ ማለት የማዳም ባል፣ እናት ናቸው። ልጃቸውን ተከትለው ከሊባኖስ የመጡ፣ ጉልበታቸው የከዳቸው፣ ምላሳቸው ግን ያልከዳቸው ሴት። የሶላት ውሃቸውን የምታቀርበው፣ እግራቸውን የምታሸው የሺሀረግ ናት። አንድ ጊዜ ታመው ሲተኙ እጇን ይዘው፣ በዚህ በሰው አገር ብሞት እንደ ሃይማኖቴ አጥበሽ የምትገንዢኝ አንቺ ነሽ አሏት። እርሷም እሺ አለች። ምን ትበል?

ጾሙ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበር። ረመዳንን ከቤቱ ሰው ጋር ትጾማለች፤ ረቡዕና ዓርብን ለብቻዋ ትጾማለች። ሥጋ ወይም አይብ ሲቀርብላት ሆዴን አመመኝ ትላለች። ሐጃ ይህን ሕመም «የዓርብ ሆድ» ብለው ሰይመውት፣ ሳምንት በመጣ ቁጥር ለሆድ ቁርጠት ፍቱን የሚሉትን የአኒስ ሻይ ያስጠጧታል። የሺሀረግ ሻዩን በጠጣች ቁጥር እውነትም ሆዷን ቁርጥ ያደርጋት ነበር።

በመጀመሪያው ዓርብ ልጆቹን ይዛ የኋለኛው ረድፍ ላይ፣ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ካለቀሱ ቶሎ ይዛቸው እንድትወጣ ነው። መጋረጃው ሲገለጥ አንድ ሰው ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ማዳም ሻንጣ ውስጥ ልብስ ትከታለች፤ ከትታ ስትጨርስ መልሳ ታወጣዋለች። ሰውዬው ሲናገር እርሷ ዝም ትላለች፤ እርሷ ስትናገር እርሱ ዝም ይላል። ሕዝቡ አንዳንዴ ይስቃል። የሺሀረግ ለምን እንደሚስቅ አልገባትም፤ ግን ዓይኗን ከሻንጣው ላይ መንቀል አቃታት።

ከእርሷ ሁለት ወንበር አልፎ አንድ ጠይም፣ ረዘም ያለ ወጣት ተቀምጧል። ሰው ከሳቀ በኋላ ይስቃል፤ ሁልጊዜ ትንሽ ዘግይቶ። ቋንቋው እንደማይገባው በዚህ ለየችው። የአገሯ ልጅ መሆኑን ደግሞ ከፊቱ ለየችው። ወዲያው ዓይኗን መለሰች። ዶሃ ላይ ሐበሻ ሐበሻን ካየ ሰላም ሳይል አይሄድም፤ ሰላም ካለ ደግሞ ስም መጠየቁ አይቀርም።

ለዕረፍት መብራት ሲበራ ሕዝቡ ወደ ግቢው ወጣ። አሳላፊዎቹ አይብ የተሞላ ቂጣ፣ የክሬም ኬክ፣ ቴምርና ሻይ ያዞራሉ። የሺሀረግ ለልጆቹ ኬክ አነሳች፤ ለራሷ ቴምር። አሳላፊው ሰሃኑን አጠገቧ ወደቆመው ሰው አሳለፈው። የዚያም ሰው እጅ ኬኩን አለፈ፣ አይቡን አለፈ፣ ቴምር አነሳ።

ቀና ስትል ያ ዘግይቶ የሚስቀው ልጅ ነው። እርሱም የእርሷን እጅ ሲያይ ነበር።

«ዛሬ ዓርብ አይደል» አለ ቀስ ብሎ፣ በአማርኛ።

አልገባኝም ልትል፣ ጀርባዋን ልትሰጠው ይገባት ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለውን ነገር በመሸሽ የተካነች ሴት ናት። ግን ያ ድምፅ እንደ ጥያቄ ሳይሆን እንደ ሰላምታ ነበር የተሰማት።

«እባክህ፣ እዚህ ሸሪፋ ነኝ» አለችው።

«አገር ቤትስ?»

«የሺሀረግ።»

ስሟን ስትጠራው የሌላ ሰው ስም የምታስተዋውቅ መሰላት። እርሱ ግን አልተደነቀም፤ አልመከራትም፤ የታዘባትም አይመስልም። መንገሻ እባላለሁ አላት። አውሮፕላን ማረፊያው አውደ ጥገና ውስጥ ይሠራል። ሙሴ አንሪ የሚባል ሽበታም ፈረንሳዊ የሥራ ባልደረባው ቲኬት ሰጥቶት፣ እምቢ ማለት አፍሮ ነው የመጣው። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ እንደሚባለው፣ እኔም ክራባት አስሬ የሠለጠነ ሰው መስዬ ተቀምጫለሁ ሲላት፣ ሳታስበው ሳቀች። ከሳቀች ስንት ጊዜዋ እንደሆነ ያን ጊዜ ነው ያስተዋለችው።

ስለ ምን እንደሆነ ገብቶሻል ወይ ብሎ ጠየቃት። የገባትን ነገረችው። ሴትየዋ መሄድ ትፈልጋለች፤ ግን ለሰውዬው ያልነገረችው አንድ ነገር አለ፤ እርሱን ሳትነግረው መሄድም መቅረትም አይሆንላትም። መንገሻ ራሱን ነቀነቀ። የሚሄደውስ ሰውዬው ነው፣ ሻንጣውም የእርሱ ነው፣ ባርኔጣውን ከጉልበቱ ያላነሳው ለዚህ ነው ብሎ ተከራከረ። ሁለተኛው ክፍል ቢጀመርም የሁለቱንም ነገር አልፈታም። ማዳም ሻንጣው ላይ ተደፍታ አለቀሰች፣ መጋረጃው ተዘጋ፣ ሕዝቡ ተነሥቶ አጨበጨበ።

በሁለተኛው ዓርብ መንገሻን ከሁሉ ቀድሞ፣ ያው ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘችው። በዚህኛው ቲኬቱን የገዛው ራሱ ነው። ለልጆቹ ከረሜላ ይዞላቸው መጥቷል፤ እነርሱም ወዲያው «ዓሞ»፣ አጎቴ፣ ብለው ጠሩትና ወዳጅ አደረጉት። የሺሀረግ እንዳላየች ሆነች። እንዳላየች መሆኗን እርሱ እንዳየ ግን አወቀች።

ለዕረፍት ሲወጡ ግቢው ጥግ፣ ከጥንቱ ግድግዳ ሥር ቆሙ። ልጆቹ እግራቸው ሥር ይሯሯጣሉ። ስለ አገር ቤት ተጨዋወቱ። እርሱ የጎንደር ልጅ ነው፤ እርሷ የደብረ ብርሃን። የሥራ ውሉ ለፋሲካ ያበቃል፤ አዲስ አበባ ሥራ ተገኝቶለታል፤ ተመልሶ እዚያው ሊኖር ነው። ይህን ሁሉ የአየር ሁኔታ እንደሚያወራ ሰው ነው የነገራት። ዓይኑን ከእርሷ ላይ አላነሳም፤ እርሷ ግን የሻይ ብርጭቆዋን ነበር የምታየው።

«ቴአትሩን በጣም ወደድከው መሰለኝ» አለችው፣ ብርጭቆዋን እያዞረች።

«አንድ ቃል አልገባኝም። አንቺን ለማየት ነው የመጣሁት።»

ደስ አላት። ደስታው ሳምንቱን ሙሉ በሆዷ ይዛው የዞረችው ነገር ስለነበር አላስደነገጣትም። ያስደነገጣት የቀጠለው ነው።

«ሽማግሌ ልላክ?»

«ወዴት?»

«ወደምትኖሪበት ቤት ነዋ። ለደብረ ብርሃን ወላጆችሽ አገር ቤት ስገባ እኔው በደጃቸው እቆማለሁ። እዚህ ግን ጨው የበላሽበት ቤት አለ። እነርሱ ካልለቀቁሽ ከዚህ አገር መውጣትም አትችይም። ደግሞ ሰርቄ የምወስድሽ ሰው አይደለሁም፤ በወግ ነው የምፈልግሽ።»

አነጋገሩ የቤተ ሰብ ልጅ አነጋገር ነበር፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን እልል ያሰኛል። የሺሀረግ ግን የታያት ሌላ ነው። ሽማግሌዎቹ ሳሎኑ ውስጥ ቆመው፣ ክርስቲያኗን የሺሀረግን ለክርስቲያኑ መንገሻ ሲሉ፣ ሐጃ ደግሞ ከወንበራቸው ላይ ሆነው ሲሰሙ ታያት።

«አትላክ» አለችው።

ፊቱ ጠቆረ። ሌላ ሰው እንዳለ ጠየቃት፤ የለም አለች። እኔን አልወደድሽኝም ማለት ነው አላት። ይህን አልመለሰችም፤ ብትመልስ ለምን አትላክ እንዳለችው ልታስረዳው ነው፣ ልታስረዳው ደግሞ አፈረች። አሮጊት አታልዬ እግራቸውን ሳሽ ኖርኩ ብሎ ማን ለሚወደው ሰው ይናገራል?

መንገሻ ባዶ ብርጭቆዋን ከእጇ ተቀበላት። የሚመጣው ዓርብ የመጨረሻው ነው አላት፤ እመጣለሁ፤ ላክ ካልሽኝ እልካለሁ፣ ዝም ካልሽኝ ደግሞ ቴአትሬን አይቼ እሄዳለሁ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይቀላት ነበር።

የዚያን ሳምንት ጭንቀቷን ለዘምዘም አካፈለቻት። ዘምዘም የጎረቤት ቤት ሠራተኛ ናት፤ የወሎ ልጅ፣ ስሟም ሃይማኖቷም የራሷ የሆነ ሙስሊም። ምስጢሩን ከመጀመሪያው ታውቃለች። ምክሯም ብዙዎች የሞከሩት ነው፤ እናቴ ሞተች በይ፣ ለለቅሶ ይለቁሻል፣ ሄደሽ ታገቢያለሽ፣ በዚያው ትቀሪያለሽ። በዚህ ሠፈር ብቻ በየዓመቱ ስንት እናት ሞታ እንደምትነሣ እርሷ ታውቃለች።

የሺሀረግ አሰበችበት። አላሰበችበትም ማለት ውሸት ነው። ግን ሐጃ ሐዘኗን አምነው፣ አልቅሰው ሸኝተዋት፣ ትመለሳለች ብለው በር በሩን ሲያዩ ታሰቧት።

«አንዱ ውሸት ራሱ አላስተኛኝም» አለቻት ዘምዘምን፤ «በላዩ ላይ እናቴን አልገድልም።»

ስለዚህ ነገሩ ሁለት መንገድ ብቻ ቀረው። ለመንገሻ ላክ ለማለት አስቀድማ ለሐጃ እውነቱን መናገር አለባት፤ ከተናገረች በማግሥቱ ለኤጀንሲው መልሰው በሚቀጥለው አውሮፕላን ሊጭኗት ይችላሉ፤ ከሁሉ በላይ ሐጃን ታጣለች። ካልተናገረች መንገሻን ታጣለች። በየቀኑ ጠዋት ዛሬ እነግራቸዋለሁ ትላለች፤ ማታ ይመጣል። ሐሙስ ማታም መጣ፤ አልነገረችም።

ዓርብ ምሳ ላይ ሐጃ ጥሩውን ቀሚሳቸውን ለብሰው ብቅ አሉ። የልጄ ሚስት ሰው ፊት ስታለቅስ እኔም ልይ እንጂ አሉ።

ኋለኛው ረድፍ ላይ ልጆቹን ከዳር አድርጋ ከሐጃ አጠገብ ተቀመጠች። መንገሻ ወንበሩ ላይ ነበር፤ አጠገቡ ሙሴ አንሪ ተቀምጧል። ሰውዬው የሥራ ባልደረባው በፈረንሳይ ቴአትር እንዲህ መለከፉ ደስ ብሎት ፊቱ በርቷል። መንገሻ አሮጊቷን ሲያይ አትላክ ያሰኛት ማን እንደሆነ ገባው፤ ራሱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሣና ዓይኑን ወደ መድረኩ አዞረ። ሰላም እንኳ አላላትም።

ሐጃም ፈረንሳይኛ አያውቁም፤ አለማወቃቸውን ግን አልደበቁም። ይህች ሴት ሻንጣውን የማትዘጋው ምን ሆና ነው ይላሉ ጮክ ብለው፣ በአረብኛ። ደግሞ ይህ ሰውዬ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ የሚያኖረው ቤቱ ሚስማር የለም ወይ ይላሉ። ከፊታቸው የተቀመጡት ዞር ዞር እያሉ ያዩዋቸዋል። ሌላ ቀን ቢሆን የሺሀረግ በሳቅ በሞተች ነበር።

ለዕረፍት መብራቱ ሲበራ ሐጃ ጉልበታቸውን ፈርተው ከመቀመጫቸው አልተነሡም። ልጆቹን ማዳም ወደ መድረኩ ጓዳ ወሰደቻቸው። መንገሻም ካለበት አልተነሣም። አሳላፊው ሰሃኑን ይዞ ወደ እነርሱ መጣ። ሐጃ አይብ ያለበትን ቂጣ አንሥተው ለሁለት ገመሱትና፣ ግማሹን በእጃቸው ወደ የሺሀረግ አፍ አስጠጉት።

«ብዪ ልጄ» አሉ፤ «ከጠዋት ጀምሮ አንድ ነገር አልቀመስሽም።»

የተዘረጋ ጉርሻ መመለስ በየትም አገር ከባድ ነው። አፏን ከፍታ ብትቀበል ሁሉም ነገር ባለበት ይቀጥላል፤ እግዚአብሔርም ይቅር ይላታል። ወይም ሆዴን አመመኝ ትላለች፤ እርሳቸውም አኒስ ያስፈሉላታል። ሁለቱም ምላሷ ላይ ነበሩ። ከአሮጊቷ ትከሻ በላይ ግን መንገሻ ታያት። እያያት አልነበረም፤ አንገቱን ደፍቶ እጆቹን ነበር የሚያየው፣ መርዶ እንደሚጠብቅ ሰው።

«ሐጃ» አለች፤ «ሆዴን አሞኝ አያውቅም። ጾም ነኝ።»

«የምን ጾም? ዓርብን ብቻ ነጥሎ የሚጾም ሙስሊም ማን አለ?»

«ሙስሊም አይደለሁም። ክርስቲያን ነኝ። ስሜም ሸሪፋ አይደለም፤ ለሥራ ብዬ የዋሸሁት ነው። ይቅር ይበሉኝ።»

የሐጃ እጅ ለጥቂት ጊዜ እንደተዘረጋ ቆየ። ከዚያ ቁራሹን መሐረባቸው ላይ አስቀመጡና መሐረቡን አጠፉት። ሌላ ነገር ሳይሉ ልጆቹ ተመለሱ፤ መብራቱም ጠፋ።

ሁለተኛው ክፍል ስንት ጊዜ እንደፈጀ የሺሀረግ አታውቅም። መድረኩን አላየችም። አጠገቧ የአሮጊቷን ትንፋሽ ትሰማለች፤ ከፊት ሕዝቡ ይስቃል። መሐል ላይ ሐጃ በጨለማው፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሆነው አንድ ነገር አሉ።

«ታዲያ እኔን ማን ያጥበኝ?»

እንባዋ አባያዋ ላይ ይወርዳል፤ ለመጥረግ እንኳ እጇን ማንሣት ፈራች።

ሕዝቡ አጨብጭቦ ሲጨርስ ሐጃ ሊነሡ ሞከሩ። ጉልበታቸው እምቢ ሲላቸው ክንዳቸውን ዘረጉ፤ የሺሀረግ ያዘቻቸው። ልጆቹን አስቀድማ፣ አሮጊቷን ደግፋ፣ በዳሩ በኩል ሕዝቡ ስለተጋፋ በመንገሻ ፊት ማለፍ ነበረባት። እርሱ ተነሥቶ መንገድ ለቀቀላቸው። ፊቱ ላይ ተስፋ የሚባል ነገር አልነበረም። የሺሀረግ ቆመች።

«ላክ» አለችው፣ በአማርኛ፣ በሙሉ ድምፅ።

ሐጃ ማን ነው ብለው አልጠየቁም። አንዴ እርሱን፣ አንዴ እርሷን አዩና ወደ በሩ መራመድ ቀጠሉ።

ከዚያ በኋላ የመጡት ቀናት ክፉ ነበሩ። ባባ ነገሩን ሲሰማ ጦፈ፤ ተታልያለሁ፣ ነገውኑ ለኤጀንሲው እመልሳታለሁ አለ። ማዳም ሁለት ልጆች ይዛ ያለ ሠራተኛ መቅረቷን አስባ ዝም አለች። ሐጃ ለልጃቸው የእኔ ጉዳይ ነውና ተዋት አሉት። እርሷን ግን አላናገሯትም። የሶላት ውሃቸውን ራሳቸው፣ ግድግዳ ግድግዳውን እየያዙ፣ መቅዳት ጀመሩ። የሺሀረግን ከባባ ቁጣ ይልቅ የጎዳት ይህ ነው። ሸሪፋ ብለው አይጠሯትም፤ ሌላ ስሟንም አይጠይቋትም። ስም የሌለው ሰው ሆና ሰነበተች።

ዘምዘም ይህን ስትሰማ ማንም ሳይጠራት መጣች። አሰላሙ ዓለይኩም ብላ ገብታ ከሐጃ እግር ሥር ተቀመጠች። እኔም አውቄ ዝም ብያለሁና በጥፋቱ የእኔም እጅ አለበት አለቻቸው። ከዚያ የመጣችበትን ተናገረች።

«እኔ የሼህ ልጅ ነኝ፣ ሐጃ። በእርስዎና በእኔ መካከል ያለው አንድ ግድግዳ ነው። ቀንዎ እዚህ ከደረሰ እኔ አጥብዎታለሁ። እርሷን ግን በዚህ አይያዟት።»

ሐጃም፣ ለመሆኑ እውነተኛ ስሟ ማን ነው ብለው ጠየቁ። ዘምዘም «የሺሀረግ» ስትላቸው ስሙን ለማለት ሞከሩ፤ ደጋግመው ሞከሩ፤ መሐል ላይ እየተሰናከለባቸው ተዉት። በማግሥቱ ጠዋት ግን ከክፍላቸው አንድ ድምፅ ተሰማ።

«የሺ! ውሃ አምጪ!»

የሺሀረግ ማንቆርቆሪያውን ይዛ ስትሮጥ ግማሹን ኮሪደሩ ላይ ደፋችው። ሐጃ እጃቸውን ለውሃው ዘረጉ፤ እንባዋን እንዳላዩ ሆኑ። ገና ይቅር አላሉኝም ብላ አሰበች፤ ግን ጠርተውኛል።

ሽማግሌዎቹ የመጡት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። አንዱ አቶ በየነ ናቸው፤ ወደ ፋብሪካዎቹ ሠፈር ወደ ሰናይያ ሠራተኛ የሚያመላልስ አውቶቡስ ሾፌር፣ አረብኛ እንደ ውሃ የሚጠጡ። ሁለተኛው አቶ ገብረሥላሴ፣ የሆስፒታል ነርስ። ሦስተኛው ሰው የሥራ ፈረቃ ስለያዘው፣ መንገሻ ቢጨንቀው በሽበቱ ተማምኖ ሙሴ አንሪን ላከ። ፈረንሳዊው ክራባቱን አስሮ፣ ምን እንደሚባል ሳያውቅ፣ ከሁሉ ይበልጥ ኮስተር ብሎ ገባ። የሺሀረግ ወጥ ቤት ውስጥ በሩን ገርበብ አድርጋ ቆማለች።

ባባ ተቀመጡ አላቸው። የመጣንበትን ሳትሰሙን አንቀመጥም አሉ አቶ በየነ። ባባ ግራ ተጋባ፤ እንግዳ ቤቱ መጥቶ አልቀመጥም ሲለው የመጀመሪያው ነው። ተናገሩ አሉ ሐጃ ከወንበራቸው ላይ።

«ልጃችሁን ለልጃችን እንድትሰጡን መጥተናል» አሉ አቶ በየነ።

ባባ ሠራተኛችን ናት እንጂ ብሎ ሊጀምር ሲል ሐጃ እጃቸውን አነሡ። የሺሀረግ የበሩን እጀታ ጨብጣ ይዛለች።

«አይሆንም» አሉ ሐጃ። «እኛ ልጁን አናውቀውም። እናቱ ማናት? ሲቆጣ እጁን ያነሣል? ልጅ እንደ ዕቃ በመጡበት ቀን ተጠቅልላ አትሰጥም። ሂዱ። በሳምንቱ ተመለሱ፤ እስከዚያ እኛም እንጠያይቃለን።»

የሺሀረግ ከመጀመሪያው ቃል በኋላ ያለውን አልሰማችም። አይሆንም የሚለው ብቻ ነው የቀረላት። ወለሉ ላይ ተቀመጠች። የሽማግሌዎቹ እግር ወደ በሩ ሲሄድ ሰማች፤ ተሰናብተው፣ ሳይቀመጡ ወጡ። እንደምንም ተነሥታ በመስኮቱ አየች። መንገሻ ከመኪናው ወርዶ ቆሟል። አቶ በየነ አንድ ነገር ነገሩት። መንገሻም ሽማግሌውን አቅፎ ከመሬት አነሣቸው።

አልገባትም። የተባረረ ሰው እንዲህ ይደሰታል? ሐጃ ግድግዳውን ይዘው ወጥ ቤት ሲገቡ እንባዋን እየጠረገች ነበር።

«ምን ያስለቅስሻል?»

«እምቢ አሏቸው።»

«አዎ፣ እምቢ አልኩ» አሉ ሐጃ። «ምን መስሎሽ ነው? ሰው የሌላት ልጅ ናት እንዲሉሽ ነው በመጀመሪያው ቀን እሺ የምለው?»

የሺሀረግ እንባዋን መጥረግ ተወች። ደብረ ብርሃን ላይ፣ እህቷ ስትጠየቅ፣ አባቷ ሽማግሌዎችን የመለሱት ልክ በዚህ ቃል ነበር። ወድቃ እግራቸውን ልትስም ስትል ጉልበቴን እንዳትነኪው ብለው ተቆጧት፤ ራሷን ግን ወደ ሆዳቸው አስጠግተው ያዟት።

በሳምንቱ ሽማግሌዎቹ ተመለሱ። ያን ቀን ተቀመጡ።